ከፊት የሚሮጥ ሰው

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ማለዳ ወደ ሱሉልታ ብትወጣ፣ በቀዝቃዛው ሜዳ ተሰልፈው የሚሮጡ ልጆችን ታያለህ። ነባሩ ከፊት ሆኖ እርምጃውን ሲመጥን፣ ጀማሪው ተረከዙን እያየ ይከተለዋል። ትምህርቱ ብዙ ቃል የለበትም።

የእኛ የተመልካቾች አድናቆት ግን ሊነቀፍ ይገባዋል። «ኃይሌ ይበልጣል፤ የለም፣ ቀነኒሳ ይበልጣል» እያልን ታላቅንና ታናሽን እናጣላለንና።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ የኃይሌን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖች ሰበረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ፣ በአቴና ውድድር፣ ኃይሌ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ታምሞ ወደ ኋላ ቀረ። ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን ዘወር እያሉ አዩት፤ ፍጥነታቸውንም ቀንሰው ጠበቁት። በመጨረሻ መከተል ሲሳነው ግን ገሠገሡ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ ዐምስተኛ ሆኑ።

ልብ በል፤ ታናሹ ታላቁን ጠበቀው እንጂ ድሉን አልተወለትም። ቢተውለት ኖሮ ነገሩ ማዘን እንጂ ማክበር ባልሆነም ነበር። የታላቅ ሰው ክብሩ ሳይበለጥ መኖሩ አይደለም፤ የሚበልጠውን ማፍራቱ ነው።

ስለዚህ በሰበታም ሆነ በቡራዩ የምትኖር ወጣት፣ ታላቅህን ስታደንቅ በጭብጨባ ብቻ አትቅር። እርምጃውን ተማር፤ ጊዜህ ሲደርስ እለፈው፤ ስታልፈውም ዘወር ብለህ ማየትን አትርሳ።