ተካፋዩ ማን ነው? የአካፋዮችን ብዛት በሚገልጹ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የአንድ ሙሉ ቁጥር አካፋዮች ስንት እንደሆኑ የሚያሳውቀው ደንብ አጭር ነው። ቁጥሩ በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ይተነተናል፤ በእያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ይደመራል፤ ድምሮቹ እርስ በርሳቸው ይባዛሉ። ለምሳሌ 60 የሚገኘው 2 ሁለት ጊዜ፣ 3 አንድ ጊዜ፣ 5 አንድ ጊዜ ተወስደው ሲባዙ ነው። አርቢዎቹ 2፣ 1 እና 1 ስለሆኑ 3፣ 2 እና 2 ተባዝተው 12 ይሰጣሉ። አካፋዮቹም 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 10፣ 12፣ 15፣ 20፣ 30 እና 60 ናቸው። 1 የሚደመርበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንዱን ብቸኛ ቁጥር ፈጽሞ አለመውሰድም ራሱን የቻለ ምርጫ ስለሆነ ነው።

ስሌቱ እንከን የለውም። የምንሄሰው ደንቡ የተነገረበትን አማርኛ ነው። 60 ለ7 ሲካፈል 60 ተካፋይ፣ 7 አካፋይ፣ 8 ድርሻ፣ 4 ቀሪ ይባላል። እንግዲህ 7 የ60 አካፋይ ተብሏል፤ ነገር ግን ከላይ በዘረዘርናቸው አሥራ ሁለት ቁጥሮች ውስጥ የለም። «አካፋይ» የሚለው ቃል በአንድ በኩል በማካፈል ስሌት ውስጥ ያለን ማናቸውንም አካፋይ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ብቻ ይሰይማል። «60 ስንት አካፋይ አለው?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ከዜሮ በቀር ማንኛውም ቁጥር አካፋይ ሊሆን ይችላል ብሎ ቢመልስ ቃሉን በሚገባ አውቋል እንጂ አልተሳሳተም። የእንግሊዝኛው «ዲቫይዘር»ም ይኸው ድርብ ትርጉም አለበት፤ ቋንቋው ግን «ፋክተር» የሚል ማምለጫ ቃል አለው። የእኛ መጻሕፍት ሁለቱንም በ«አካፋይ» ሲተረጉሙ ማምለጫው ተዘግቷል።

«ተካፋይ» የሚለው ቃል ችግር ከዚህ የተለየ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በሬ ገዝተው ቅርጫ ቢገቡ፣ በዕለት ተዕለት አማርኛ ተካፋዮቹ ሰዎቹ ናቸው፤ በሬው የሚከፋፈለው ነው። በሒሳብ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚከፋፈለው 60 «ተካፋይ» ይባላል፣ የባለ ድርሻዎቹ ቁጥር 12 ደግሞ «አካፋይ» ይሆናል። ለተሸካሚው ስም መውጣት የነበረበት «ከፈለ» ከሚለው ግስ ነበር፤ ይሁንና «ከፋይ» እና «ተከፋይ» የሚሉትን ቃላት ገንዘብ ቀድሞ ስለያዛቸው ቃል አውጪዎቹ ወደ «አካፈለ» እና «ተካፈለ» የዞሩ ይመስላል። መንገዱ የሚገባ ነው፤ ዋጋው ግን አልታሰበበትም።

የዚህን ዋጋ ከአምቦ በስተ ምዕራብ ከምትገኘው ከጉደር አንጻር እንመልከት። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በጉደርም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአማርኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሆኗል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ወላጅ «አካፋይ» ብሎ የተማረውን ልጁ በሌላ ቋንቋ ይማረዋል፤ ሁለቱንም የሚያገናኘው ትርጉም ነው። በአፋን ኦሮሞም «ሂሩ» ማካፈል፣ «ሂርማቹ» መካፈል ወይም መሳተፍ ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ምሳሌያዊ አስተሳሰብ ስላላቸው ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ድርብ ትርጉሙንም ሳያውቀው ያሻግረዋል። እኛ ልንጠነቀቅለት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የአገራችን የቀድሞ ሊቃውንት ልዩነቱን አላጡትም። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ዓመተ ዓለሙ ለ19፣ ለ4 ወይም ለሌላ ቁጥር ሲካፈል ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ተረፉ ነው። 5500 እና 2016 ተደምረው 7516 ይሆናሉ፤ ይህም ለ4 ሲካፈል ቀሪ ስለሌለው 2016 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ተረፍ መኖሩና አለመኖሩ በራሱ ስም ያለው ጉዳይ ነው። ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ደግሞ ከ2 ሁለት ጊዜ፣ ከ7 እና ከ19 ይገኛል፤ በደንባችን መሠረት 12 አካፋዮች አሉት። ከነዚህም ውስጥ 4፣ 7፣ 19፣ 28 እና 76 ራሳቸው በዘመን አቆጣጠሩ የሚሠራባቸው ዑደቶች ናቸው። ዑደቶቹ ሁሉ በ532 ዓመት የሚገናኙት ያለ ቀሪ ስለሚያካፍሉት ነው።

«ብቸኛ ቁጥር» የሚለውም ሂስ ይገባዋል። ተማሪው ከሁሉ ይልቅ ብቸኛው 1 ነው ብሎ ቢያስብ ስሙ ያሳሳተው ነው። በሒሳብ ግን ብቸኛ ቁጥር የሚባለው በትክክል ሁለት አካፋዮች ያሉት ነው፤ 1 ያለው አንድ ብቻ ነው። ስሙ እንዲለወጥ አንጠይቅም፤ ትርጓሜው ሲሰጥ ግን የአካፋዮቹ ቁጥር «ሁለት፣ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም» ተብሎ መነገር አለበት።

«አካፋይ» ግን መለየት አለበት። «ሙሉ አካፋይ» ቢባል ሙሉ ቁጥር የሆነ አካፋይ ተብሎ ይተረጎማል፤ 7ም ያው ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ችግሩ አይፈታም። የጥንቱ ግሪካዊ ዩክሊድ ቁጥር ቁጥርን «ይለካል» ይል ነበር፤ ይህን በ«ሰፈረ» ብንተረጉመው በቁና ለሚሰፍረው ገበሬ የታወቀ ይሆናል። ነገር ግን «ሰፋሪ» ሌላ ትርጉም ይዞ ኖሯል። እኛ የምናቀርበው «ጨራሽ አካፋይ» የሚለውን ነው፤ 5 60ን ይጨርሳል፣ 7 ግን አይጨርስም። ቃሉ የሚታወቅ ነው፤ ብዙ ቁጥሩ ቀላል ነው፤ «ትልቁ የጋራ ጨራሽ አካፋይ» ለማለትም ይመቻል። «ተካፋይ» ግን ለረዥም ጊዜ ስለኖረ ባለበት ይቆይ፤ መምህራን የቅርጫውን ምሳሌ እየጠቀሱ ልዩነቱን ቢያስረዱ ይበቃል።

እንግዲህ ደንቡን እንዲህ ማንበብ ይቻላል፦ «የአንድ ሙሉ ቁጥር ጨራሽ አካፋዮች ብዛት፣ ቁጥሩ በብቸኛ ቁጥሮች ሲተነተን በሚገኙት አርቢዎች ላይ 1 እየተደመረ የሚገኙት ድምሮች ብዜት ነው።» ይህን ዐረፍተ ነገር ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ወደ ትግርኛም ሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚያሻግር ተርጓሚ 7ን ከ60 አካፋዮች መካከል አይቆጥርም። ሐሳባችንን የሚቃወም ካለ የሚሻለውን ቃል ይዞ ይምጣ፤ ይህ መድረክ የሚቆመው በእንዲህ ያለው ክርክር ነው።