የዦርዥ ሲሜኖን የድርሰት ሱባኤ

ስለ ዦርዥ ሲሜኖን የሚጽፉ ኃያስያን አብዛኞቹ ከቍጥር መጀመር ይወዳሉ፤ በራሱ ስም ወደ 200 የሚጠጉ ልብ ወለዶች ማሳተሙን፣ ከነዚህም 75ቱ የፓሪሱ የፖሊስ ሹም የሜግሬ ታሪኮች መሆናቸውን፣ ከዚያም አስቀድሞ በልዩ ልዩ የብዕር ስም በዚያው መጠን የሚሆን ርካሽ ንባብ ማውጣቱን ይዘረዝሩና፣ እንዲህ በጥድፊያ የተጻፈ ነገር ጥልቀት ሊኖረው አይችልም ወደሚል ፍርድ ይሻገራሉ። ፍርዱ ከማስረጃው አይወለድም። ሲሜኖን አንዱን መጽሐፍ በዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ ይፈጽመው የነበረው፣ አንባቢውን የሚይዝበትን የልብ ሰቀላ አስቀድሞ በገዛ ሥጋውና በገዛ ነፍሱ ካልተሸከመው በቀር ሊጽፈው ስለማይችል፣ ሸክሙንም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ መታገሥ ስለማይሆንለት ነው፤ ስለዚህ የአጻጻፉን ሥርዓት ከተረት አወቃቀር ጥበቡ ለይቶ መመርመር አይቻልም።

በ1903 በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ የተወለደው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በልጅነቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በሆስፒታል ጸሎት ቤት ቅዳሴ ያገለግል የነበረው፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ የከተማው ጋዜጣ ሠራተኛ ሆኖ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት መመላለስ የጀመረው ይህ ሰው፣ በ1922 መጨረሻ ፓሪስ ሲገባ የያዘው ሀብት የእጁ ፍጥነት ብቻ ነበር። ልኩን ያሳየችው ኮሌት ናት። ስመ ጥሯ ደራሲት በዚያን ጊዜ የለ ማተን ጋዜጣን የሥነ ጽሑፍ ክፍል ትመራ ነበርና፣ የሚያቀርብላትን አጫጭር ታሪክ ጽሑፋዊ ጌጥ በዝቶበታል እያለች ደጋግማ መለሰችበት፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ምክር ይህ እንደሆነ ሲመሰክር ኖረ። ከዚያ ወዲያ አርትዖቱ በሙሉ መቍረጥ ሆነ። ቅጽሉን፣ ተውሳከ ግሡን፣ ለድምፁ ማማር ብቻ የገባውን ቃል፣ ይልቁንም ራሱ ደራሲው የተደሰተበትን ዐረፍተ ነገር ያወጣል፤ የሚያስቀረው እንደ ዝናብ፣ እንደ ጠረጴዛ፣ እንደ ምድጃ ያለውን፣ ሊቁም መሃይሙም በአንድነት የሚረዳውን፣ ግዘፍ የነሣውን ቃል ነው። ጌጥ ለሚወድ ጆሮ ይህ ድህነት ይመስላል፤ ነገር ግን ያማረ ዐረፍተ ነገር አንባቢውን ቆም ብሎ እንዲያደንቅ ዕረፍት ይሰጠዋል፣ ሲሜኖንም ያንን ዕረፍት ሊፈቅድለት አይሻም።

ከመጻፉ በፊት ያለው ዝግጅት የበለጠ ምርመራ ይገባዋል። አንድ ቢጫ ፖስታ ያነሣና በላዩ የሰዎቹን ስም ከስልክ ማውጫ እየመረጠ፣ ዕድሜአቸውን፣ ወላጆቻቸውን፣ የሚኖሩበትን ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም የስልካቸውን ቍጥር ሳይቀር ይመዘግባል፤ ከዚህ ሁሉ ወደ መጽሐፉ የሚገባው ጥቂቱ ነው። የታሪኩ አካሄድ ግን በፖስታው ላይ አይገኝም። በእርሱ ፈንታ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦ ይህ ሰው፣ በዚህ ቤት፣ በዚህ ሥራ፣ ከነዚህ ቤተሰቦች ጋር እየኖረ ሳለ፣ እስከ ዐቅሙ ዳርቻ የሚገፋው ምን ሊደርስበት ይችላል? በ1938 በወጣው ባቡሮችን ሲያልፉ በሚያይ ሰው ታሪክ ለምሳሌ፣ ጨዋውን የሆላንድ ጸሐፊ ኬስ ፖፒንጋን ከሚስቱና ከልጆቹ ነጥቆ ወደ ወንጀል የሚወረውረው የአሠሪው በድንገት መክሰር ብቻ ነው።

ጥያቄው ከተገኘ በኋላ ሲሜኖን የደም ግፊቱን በሐኪም ያስመረምራል፣ ቀጠሮውን ይሰርዛል፣ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያም በየማለዳው አንድ ምዕራፍ ይጽፋል። በ1955 ከፓሪስ ሪቪው መጽሔት ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ በነዚያ ቀናት ማንንም እንደማያይ፣ ስልክ እንኳ እንደማያነሣ ገልጾ ራሱን ከመነኵሴ ጋር አመሳስሎ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚኖረው ዋናውን ሰው ሆኖ ነው፤ ለሁለት ቀን ያህል ታምሞ ቢያቋርጥ እስከዚያ የጻፈውን ምዕራፍ ሁሉ ይጥለዋል። ሱባኤው ከተፈታ የተቋረጠውን ከመካከል አንሥቶ መቀጠል አይቻልም ማለት ነው። የነገሩም ፍሬ እዚህ ላይ ነው፤ ደራሲው ማለዳ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ዋናው ሰው ነገ የሚያደርገውን አያውቅም፣ አንባቢው ገጹን በገለበጠ ቍጥር የሚሰማው ሥጋትም ከደራሲው አለማወቅ በቀጥታ የተወረሰ ነው። አጋታ ክሪስቲ ወንጀለኛዋን አስቀድማ አውቃ ፍንጮቿን በጥንቃቄ ትበትናለች፤ የእርሷ አንባቢ እንቆቅልሽ ፈቺ ነው። የሲሜኖን አንባቢ ግን የሚፈታው ነገር ብዙ ጊዜ የለውም።

በ1933 የታተመው የሙሴ ኢር የመተጫጨት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በፓሪስ ዳርቻ በቪልዥዊፍ አንዲት ሴት ተገድላ ተገኝታለች፤ የቤት ጠባቂዪቱ ብቻውን ለሚኖረው ተከራይ ለሙሴ ኢር ደብዳቤ ልታቀብል በሩን ስታንኳኳ በተገለጠው ክፍተት በደም የተነከረ ፎጣ ታያለች። ፎጣውን ያረከሰው ሰውየው ጢሙን ሲላጭ ራሱን ቈርጦ ያፈሰሰው ደም ነው። ሌላ ደራሲ ይህን ፎጣ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ደብቆ በያዘው ነበር፤ ሲሜኖን ግን ምሥጢሩን አይቋጥረውም፣ ገዳዩም ማን እንደሆነ መጽሐፉ ሳያልቅ እናውቃለን። እያወቅን የምንፈራው፣ የአንድ ሰፈር ጥርጣሬ ከቤት ጠባቂዪቱ ወደ ፖሊሱ፣ ከፖሊሱ ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደ አደባባዩ ሕዝብ ሲሻገርና በዚያ ወፍራም፣ ዓይን አፋር፣ የማይወደድ ሰው ዙሪያ ሲጠብ ስለምናይ ነው። ንጹሕነቱ አያድነውም፤ ደራሲው ንጹሕ መሆኑን ሲነግረን አንዳችም ማጽናኛ አልሰጠንም።

ሜግሬም ቢሆን ከዚህ ሕግ አይወጣም። ፒፓውን እያጨሰ በአንድ ጠጅ ቤት ጥግ ቢራውን ይዞ የሚቀመጠው፣ የሟቹን መንገድና የተጠርጣሪውን ማድ ቤት የሚለምደው፣ ፈጣሪው ዐሥራ አንድ ቀን የሚያደርገውን እርሱም በልብ ወለዱ ውስጥ ስለሚያደርግ ነው፤ የሌላውን ሰው ሕይወት ለብሶ ይጠብቃል። ስለዚህም የምርመራው ፍጻሜ ከክስ ይልቅ ኑዛዜን ይመስላል፣ ሹሙም ከዳኛ ይልቅ ወደ ንስሐ አባት ይቀርባል።

ሥርዓቱ ያስከፈለው ዋጋም አለ። የብዙዎቹ መጻሕፍት የመጨረሻ ምዕራፍ የደከመ ሰው ሥራ መሆኑ ይታወቃል፤ ሴቶቹም፣ በስሟ የተሰየመ ልብ ወለድ እንዳላት እንደ መበለቲቱ ኩዴርክ ያለችው ካልሆነች በቀር፣ ለወንዱ ውድቀት ሰበብ ከመሆን አልፈው የራሳቸው ኅሊና አይሰጣቸውም። ድካሙ ያልታየበት፣ እንዲያውም መጨረሻው ከመጀመሪያው የበረታበት፣ በ1948 የወጣውና በጠላት በተያዘች ከተማ ክፋትን በፈቃዱ የመረጠውን ወጣቱን ፍራንክን እስከ እስር ቤት የሚከተለው ስለ ቆሸሸው በረዶ የተጻፈው ልብ ወለድ ነው፤ በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው። በነገራችን ላይ፣ በ1927 ሲሜኖን በመስተዋት ክፍል ተቀምጦ ሕዝብ እያየው ልብ ወለድ እንዲጽፍ ታቅዶ ነበር፤ ዕቅዱ ባይፈጸምም በዓይናችን አየን የሚሉ ሰዎች አልታጡም። ባለመፈጸሙ ያተረፈው ደራሲው ነው፤ ሱባኤ በአደባባይ አይያዝምና።

በ1972 እንደ ልማዱ ፖስታውን አዘጋጅቶ ቢቀመጥ ሰዎቹ አልመጡለትም፤ ከዚያም ልብ ወለድ መጻፍ ማቆሙን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ በድምፅ መቅጃ እየተናገረ ያወጣቸው የትዝታ መጻሕፍት 21 ናቸው። ዐረፍተ ነገሩ ያው ገላጣ ዐረፍተ ነገር፣ ትዝብቱም ያው የሰላ ትዝብት ሆኖ ሳለ፣ አንባቢው በፈለገው ገጽ ላይ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ሌላ ጉዳዩ ሊሄድ ይችላል፤ ተናጋሪው የሚተርከው ነገር ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ያውቀዋል።