ሞዴሉን ማን ፈተነው? በመምህራን ሥልጠናዎቻችን ስለምንጠቀምባቸው የትምህርት ንድፈ ሐሳቦች

በቤተ ክርስቲያን የመምህራን ሥልጠና ተካፍለው ከሆነ ይህን ሥዕል ሳያዩት አልቀሩም። ከላይ የሾለ፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። ከጎኑ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ሰው ካነበበው 10 በመቶ፣ ከሰማው 20 በመቶ፣ ካየው 30 በመቶ፣ ራሱ ከሠራው ደግሞ 90 በመቶ ያስታውሳል ይላል። አሠልጣኙ ያሳያል፣ ሠልጣኙ በደብተሩ ይገለብጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሠልጣኙ አሠልጣኝ ሆኖ ለሌሎች ያሳያል። እኔም በሴሚናሪ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስተምሬአለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በመጀመሪያ ያንን ስሕተቴን ለማረም ነው። ቀጥሎም ከትምህርት ጥናት የምንዋሳቸውን ሞዴሎች እንዴት ልናነባቸው እንደሚገባ ከእርስዎ ጋር ለማሰብ ነው።

ሾጣጣውን የሣለው ኤድጋር ዴል የተባለ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ማስተማሪያ መርጃዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የልምድ ዓይነቶችን ከተጨባጩ ወደ ረቂቁ ደረደራቸው። ከታች ሰው በእጁ የሚሠራው ልምድ አለ፤ ከፍ ሲል ድራማ፣ ጉብኝትና ፊልም ይመጣሉ፤ ጫፉ ላይ ቃላት ይቀመጣሉ። ዴል በሥዕሉ ላይ አንድም መቶኛ አልጻፈም፤ እንዲያውም አንባቢው ሥዕሉን ቃል በቃል እንዳይወስደው አስጠንቅቋል። ቁጥሮቹ ከሌላ ቦታ መጥተው በኋላ የተለጠፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአንድ መጽሔት ላይ ታትመው ይገኛሉ፤ ከስራቸው ግን ጥናት አልቀረበም። ቁጥሮቹም ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ሁሉም በአሥር የሚካፈሉ ናቸው። ሰዎችን በእውነት የለካ ተመራማሪ እንዲህ ያማረ ውጤት አያገኝም።

«ታዲያ ምን ጎዳ? መምህራኑ ንግግር ብቻ ከማብዛት ከተቆጠቡ በቂ አይደለም?» ይሉ ይሆናል። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው የእውነት ጉዳይ ነው። በመድረክ ላይ ያልተጻፈን ጥቅስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው ብለን ብንጠቅስ በጉባኤ ፊት እናፍራለን፤ ያልተለካን ቁጥር ተለክቷል ብለን ስናስተምር ግን አናፍርም። ሁለተኛው የአገልግሎት ጉዳይ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 10 እምነትን ከመስማት ጋር ያያይዛል። ሰሚው ከሰማው 80 በመቶውን መጣሉ በ«ሳይንስ» ተረጋግጧል ብሎ ያመነ ወጣት ሰባኪ ግን ለስብከቱ የሚዘጋጅበትን ሰዓት ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ይህን የምለው ለተንዛዛ ስብከት ጥብቅና ለመቆም አይደለም፤ ስብከቱ ተንዛዝቶ ከሆነ ራሱ ስብከቱ ይመርመር ለማለት ነው።

በሥነ አፈታት ክፍል መጀመሪያ ከምናስተምራቸው ነገሮች አንዱ የሥነ ጽሑፍ ዓይነትን መለየት ነው። ምሳሌን እንደ ሕግ፣ መዝሙርን እንደ ታሪክ መዝገብ አናነብም። የትምህርት ሞዴሎችን ስናነሣ ግን ይህን ጥንቃቄ በር ላይ ጥለነው እንገባለን። ሞዴል የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሐሳብን ለማስረዳት የተሣለ ሥዕል ነው፤ አንዳንዱ ለሥራ እንዲመች የተዘጋጀ መመደቢያ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ «ይህን ብታደርጉ ይህ ይሆናል» የሚል፣ ሊፈተን የሚችል አቤቱታ ነው። የዴል ሾጣጣ ሥዕል ነበር፤ እኛ እንደ ልኬት አነበብነው።

«የመማር ስልት» የሚባለው ሞዴል ግን ሊፈተን የሚችል አቤቱታ ነው። አንዱ በማየት፣ ሌላው በመስማት፣ ሌላው በእጅ በመሥራት ይማራል፤ መምህሩም ትምህርቱን ከተማሪው ስልት ጋር ቢያዛምድ ውጤቱ ይሻሻላል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የወጣ አንድ ዳሰሳ የዚህ ዓይነት 71 ሞዴሎችን ቆጥሯል። በ2008 ደግሞ ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ አቤቱታው እውነት እንዲሆን ምን መታየት እንዳለበት በግልጽ አስቀመጡ። «በማየት የሚማረው» በሥዕል ሲማር፣ «በመስማት የሚማረው» በንግግር ሲማር፣ እያንዳንዱ በሌላው መንገድ ከተማረበት ጊዜ የበለጠ ውጤት ማምጣት አለበት። ይህን በትክክል የፈተኑ ጥናቶች ጥቂት ሆነው ተገኙ፤ ከእነርሱም ውስጥ በርከት ያሉት አቤቱታውን የሚቃረኑ ነበሩ። ሰዎች የሚወዱት መንገድ የለም ማለት አይደለም። የምንወደው መንገድ የምንማርበት መንገድ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

ይህ ለእኔ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአዲስ ተማሪዎች ክፍል የመማር ስልት መጠይቅ አስሞላሁ። አንድ ትጉህ ወንጌላዊ ውጤቱን ይዞ መጣና፣ «መምህር፣ እኔ በማንበብ የምማር ሰው አይደለሁም ይላል» አለኝ። አምኜው የንባብ ሥራውን ቀንሼ ድራማና ሥዕል ሰጠሁት። በዓመቱ መጨረሻ ስለ ገላትያ መልእክት በቃል ፈተንኩት። ጳውሎስ በአንጾኪያ ጴጥሮስን የተቃወመበትን ክፍል በድራማ ሠርቶት ስለነበር አሳምሮ ተረከው። በምዕራፍ 3 ላይ አብርሃም ለምን እንደተነሣ ስጠይቀው ግን ዝም አለ። ያ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ መልእክቱን ለጉባኤ የሚፈታ ነበር።

በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ምዕራፉን ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው አልነበረም፤ ትምህርት ቤትም የተማረው በሌላ ቋንቋ ነበር። እያንዳንዱን ፊደል እየፈታ ስለሚያነብ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋዋል። የጎደለው የአማርኛ ንባብ ልምምድ ነበር፤ እኔም ልምምዱን ነበር የቀነስኩበት። መጠይቁ ስም ሰጠኝ፤ ስሙን ስላገኘሁ ሰውየውን መጠየቅ ተውሁ። ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ ስለሚመልስ ሰው የሚናገረው በእኔ ላይ ደረሰ።

ሦስተኛው የብሉም ምደባ ነው። ይህ ደግሞ መመደቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ ሲያዘጋጁት አንዱ ፍላጎታቸው በየኮሌጁ ፈተና የሚያወጡ ሰዎች በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ነበር። ለዚያ ሥራ እስከ ዛሬ ጠቃሚ ነው፤ የፈተና ጥያቄዎቻችን ሁሉ «ዘርዝር» በሚል ትእዛዝ የሚጀምሩ ከሆነ ያሳየናል። ችግሩ የሚመጣው ከምደባው መሰላል ስንሠራ ነው። በቃል መያዝ የታችኛው፣ የተናቀው እርከን ይሆናል፤ መፍጠር ደግሞ ሌላውን ሁሉ ለጨረሰ ሰው ብቻ የተጠበቀ ይሆናል።

የአገራችን የቅኔ ቤት ይህን መሰላል አያውቀውም። ጀማሪው ተማሪ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ የኔታ ፊት ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። በቃል የያዘው ቋንቋ ለፈጠራው ስንቅ ይሆነዋል፤ ፈጠራውም የያዘውን ያጸናለታል። በዚያ ቤት ትምህርት ላይ የነገረ መለኮት ጥያቄ ሊኖረን ይችላል። ነገር ግን «በቃል መያዝ ኋላ ቀር ነው» ብለን ከልጆች አገልግሎታችን የቃል ጥናትን ስናስወጣ ያስወጣነው በማስረጃ ነው ወይስ በሥዕሉ ቅርጽ?

የተፈተነ ነገር ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የኮሌጅ ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሉ ደግሞ አነበበው፤ ከፊሉ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ ለ75 በልጠው ተገኙ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አስታውሰው የጻፉት 56 በመቶ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ አስታወሱ። ይህን ቁጥር ከሾጣጣው ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ማን፣ ምን፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ይናገራል፤ ሊሳሳት ይችልም ነበር። ወሰኑም ይታወቃል፤ አጭር ጽሑፍን ስለ ማስታወስ እንጂ ስለ ጥበብ ወይም ስለ ቅድስና አይናገርም።

እንግዲህ ሞዴል ይቅር አልልም። ያለ ንድፈ ሐሳብ የሚያስተምር ሰው የለም፤ አለኝ የማይለው ያልመረመረውን የያዘ ነው። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21 ሁሉን እንድንፈትን ሲያዝዘን የሥልጠና ስላይዶቻችንን ነጻ አላወጣቸውም። ስለዚህ አዲስ ሞዴል ሲቀርብልዎ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ይህ ሥዕል ነው፣ መመደቢያ ነው፣ ወይስ ሊፈተን የሚችል አቤቱታ? አቤቱታ ከሆነ፣ ስሕተት ቢሆን በምን ይታወቃል? ደግሞስ ይህን ስይዝ ከተማሪዬ የትኛውን ነገር ማየት አቆማለሁ?

«እኔ መጋቢ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም» ካሉ፣ ለመጀመር ትንሽ ነገር ይበቃል። በሚቀጥለው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ከመጀመርዎ በፊት ማስታወሻ ሳይከፈት ያለፈውን ሳምንት ክፍል ዋና ሐሳብ ይጠይቁ። የሚመጣው መልስ፣ ወይም ዝምታው፣ ማንም አሠልጣኝ ሊነግርዎ የማይችለውን ስለ ራስዎ ጉባኤ ይነግርዎታል።

ያ ወንጌላዊ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ድምፁን አሰምቶ እያነበበልኝ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ሐሳቡን በራሱ ቃል ይነግረኝ ነበር። ገላትያ 3ን ያለ ማስታወሻ ያስረዳኝ በአራተኛው ወር ነው። መጠይቁን ከዚያ ወዲህ አላስሞላሁም፤ በምትኩ አዲስ ተማሪ ሲመጣ አንድ ገጽ አስነብቤ እሰማለሁ።