ግራም መቁጠር ወይስ ሕመምተኛውን መመርመር? የሶሪያሲስ ሕክምናና የጉበት ክትትል መመሪያዎች ሲገመገሙ

ሶሪያሲስን ለማከም ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሜቶትሬክሴት በዋጋው አነስተኛነትና በውጤታማነቱ ዛሬም ተፈላጊነቱን አላጣም። የሚያሠጋው በጉበት ላይ ሊያስከትል የሚችለው ጠባሳ ነው። ይህንኑ ለመከላከል በአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ያወጧቸው ተከታታይ መመሪያዎች ሊመሰገኑም ሊተቹም ይገባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው መመሪያ፣ ሕመምተኛው የወሰደው መድኃኒት ተደምሮ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ሲደርስ የጉበት ናሙና (ባዮፕሲ) እንዲወሰድ ይመክር ነበር። በሳምንት 15 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በ100 ሳምንት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ 1.5 ግራም ላይ ይደርሳል። በ2009 የወጣው መመሪያ ግን አጋላጭ ሁኔታ ለሌለባቸው ሕሙማን ወሰኑን ወደ 3.5 እና 4 ግራም ከፍ አደረገው። የቀድሞው መመሪያ አጋላጭ ሁኔታዎችን ቢዘረዝርም፣ ክብደት የሰጠው ለግራሙ ነበር። ይሁን እንጂ ውፍረት፣ የስኳር በሽታ፣ አልኮልና የቫይረስ ሄፓታይተስ ጉበትን የሚጎዱት መድኃኒቱ ሳይጀመርም ጭምር ነው። ውፍረትና ስኳር ደግሞ በሶሪያሲስ ሕሙማን ላይ በብዛት ይታያሉ። ባዮፕሲም ቢሆን የደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል፤ ከጉበቱም የሚያሳየው እጅግ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው።

የ2020 መመሪያ በመርፌ ፈንታ የደም ምርመራንና የጉበትን ጥንካሬ የሚለካውን ኤላስቶግራፊ ማስቀደሙ ተገቢ እርምጃ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ከጤና ጣቢያ አይገኝም። ፊብ-4 የተባለው ስሌት በዕድሜ፣ በሁለት የጉበት ኢንዛይሞችና በፕላትሌት ብዛት ብቻ ስለሚሠራ ለአቅማችን የቀረበ ነው፤ ሆኖም ከ35 ዓመት በታች ባሉ ሕሙማን ላይ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። የኢንዛይሞቹ መጠን ትክክለኛ መሆኑም ብቻውን ጠባሳ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

በኢትዮጵያ ሄፓታይተስ ቢ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ከመጀመሪያው የመድኃኒት ማዘዣ በፊት መቅደም አለበት። ስለ መጠጥ ሲጠየቅም «አልኮል ይጠጣሉ?» ማለት አይበቃም፤ ጠላን እንደ አልኮል የማይቆጥር ሰው «አልጠጣም» ሊል ይችላልና፣ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ በየስማቸው መጠቀስ ይኖርባቸዋል። የባህል መድኃኒት መጠየቁም እንዲሁ ነው። «ጉበትን ያጥባሉ» ተብለው የሚሸጡ ቅጠሎችና እንክብሎች ከዚህ ክትትል ምትክ ሊሆኑ አይችሉም፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ጉበትን ይጎዳሉ። በአንጻሩ ፎሊክ አሲድ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲሰጥ የኢንዛይሞቹን መጨመር እንደሚቀንስ ተረጋግጧል።

ከሁሉ በላይ ግን ማንኛውም መመሪያ ሊያድነው የማይችል ስሕተት አለ፤ ይኸውም በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደውን መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ ነው። ይህ መቅኒን አዳክሞ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ስለሆነም የሚዋጥበት ዕለት ስም በማዘዣው ላይ በግልጽ ሊጻፍ፣ ለሕመምተኛውም በቃል ሊነገረው ይገባል። ለዚህ መሣሪያም ሆነ በጀት አያስፈልግም።