ወር የሌለው ዕቅድ፤ የትምህርት ቤት ቴክኖሎጂ አያያዝ ሲገመገም

ብዙ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በሚያዘጋጁት ዕቅድ ውስጥ ስለ ቴክኖሎጂ መሣሪያዎች የሚሰፍረው ሐሳብ፣ መሣሪያዎቹ በአግባቡ ተይዘው አገልግሎት እንዲሰጡ ይደረጋል ከሚል ዐረፍተ ነገር እምብዛም አያልፍም። ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ጉድለቱ ወር የሌለው መሆኑ ነው። ሥራውን ማን፣ መቼና በየትኛው ገንዘብ እንደሚፈጽመው የማይገልጽ ጽሑፍ ምኞት እንጂ ዕቅድ ሊባል አይችልም።

ለዚህ አስረጅ የሚሆነን በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት ነው። ዓላማው የሚናቅ አልነበረም፤ ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪም የኬሚስትሪውን ሙከራ በከተማ ካለው ጓደኛው እኩል እንዲያይ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ የሥርጭቱ ሰዓት ከአንድ ማዕከል የተወሰነ በመሆኑ፣ መምህሩ ትምህርቱን ማቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም ነበር። መብራት የጠፋበት ክፍል የዕለቱ ትምህርት ያመልጠዋል፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚመጣው ተከታዩ ትምህርት ነው። መሣሪያውን ለመትከል የተደረገው ዝግጅት ከፍተኛ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ለማቆየት የተደረገው ግን ከዚያ ያነሰ ነበር።

ያ ትምህርት ዛሬም አልተወሰደም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር፣ የትምህርት ዓመቱ መስከረም ላይ ይከፈታል። ስለሆነም ለመስከረም የሚያስፈልገው መለዋወጫ ጥያቄው ከሐምሌ በፊት መቅረብ ይኖርበታል። ኮምፒውተሮቹ የሚፈተሹት ተማሪው ክፍል ከገባ በኋላ ከሆነ ግን የበጀቱ ድልድል አልፏል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ግዥው እስኪጠናቀቅ ደግሞ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ይገባደዳል።

ክረምቱም የራሱ ጣጣ አለው። ተዘግቶ በሚከርም ክፍል ውስጥ እርጥበት መሣሪያውን ይጎዳል፤ ለወራት ሳይሞላ የቆየ ባትሪ ኃይሉን ያጣል፤ ከመስመሩ ያልተነቀለ ዕቃም ለመብረቅ የተጋለጠ ነው። ቁልፉ ለዕረፍት በሄደ አንድ መምህር እጅ ብቻ ከሆነ የሚደርስለት አይኖርም።

ዕቅድ መብራት አያመጣም፣ የገንዘብ እጥረትንም አያስወግድም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን ጥቂት ያለው ሰው ነው ይበልጥ ማቀድ ያለበት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ከተሰጠ ወዲህ ጉዳዩ ከንብረት ጥበቃ አልፏል። መሣሪያውን ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ የቆየ ተማሪ ለፈተናው ሲቀርብ የሚለካው ዕውቀቱ ብቻ አይሆንም።

በመሆኑም ዓመታዊው ዕቅድ ቢያንስ አራት ጊዜያትን በስም ይጥራ፦ በየካቲት የመንፈቅ ዓመት ፍተሻና ጥገና፤ በመጋቢት የተበላሸውን ቆጥሮ የበጀት ጥያቄ ማዘጋጀት፤ በሰኔ ርክክብና የክረምት አያያዝ፤ በነሐሴ መጨረሻ ሙከራ። ለእያንዳንዱም ኃላፊና ተተኪው ይመደብ። መሣሪያው ሲቆም መምህሩ የሚያስተምርበት አማራጭም አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ለተማሪው ያለፈ ክፍለ ጊዜ መለዋወጫ የለውምና።