ከማርሹ በፊት ፍሬኑ

መርካቶ ውስጥ ብስክሌት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማርሽ ነው። ባለ 18 ነው ባለ 21? ሻጩም ከዋጋው ቀጥሎ በቃሉ የሚይዘው ቁጥር ይኸው ነው። ከዚያ ዓይን የሚሄደው ወደ ፊቱ ሾክ ነው፤ ገዢው መሪውን ይዞ ወደ ታች ይጫንና ብስክሌቱ ዝቅ ብሎ ሲነሣ ፊቱ ይፈካል። ፍሬኑን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደ ፊት የሚገፋ ግን ጥቂት ነው። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ፣ በተለይም በእረፍት ቀኑ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ሰው፣ የተራራ ብስክሌት ጥራቱ የሚታወቀው ሲያቆሙት ነው። ገንዘቡም፣ የጠጋኙ ጊዜም፣ የነጂው ልምምድም አስቀድሞ ወደዚያ መሄድ አለበት።

ለዚህ ክርክር ዋናው ማስረጃ የከተማዋ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በስተሰሜኗ ያለው እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይነሣል። ከመርካቶ ተነሥቶ በፒያሳ፣ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ ጋራው አናት የደረሰ ሰው ከ500 ሜትር የማያንስ ሽቅብ ወጥቷል፤ ሲመለስ ያንኑ ይወርዳል። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 85 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በ500 ሜትር ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት ከ400 ኪሎ ጁል በላይ ነው። ይህ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በቀጥተኛና ባዶ መንገድ ላይ ነፋሱ ብዙውን ይቀበለው ነበር። የእንጦጦ ቁልቁለት ግን ጠመዝማዛ ነው፤ የባሕር ዛፍ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉበት፣ አህያ አለበት፣ ሚኒባስ አለበት። ነጂው ፍጥነቱን መልቀቅ ስለማይችል ነፋሱ የሚያግዘው በጥቂቱ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሁሉ የሚያርፈው በአራት ትንንሽ የፍሬን ጎማዎችና በሁለት ቸርኬዎች ላይ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ጋራው በብስክሌት መውጣት ተለምዷል። ይህ ደስ ያሰኛል፤ ደስታው ግን ለመውረጃው ዝግጁ ያልሆኑ ብዙ ብስክሌቶችንም ወደ ላይ ይዞ ይወጣል።

የዚህ ስፖርት አጀማመርም የፍሬን ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ የነበሩ ወጣቶች ከእነሱ በፊት የተሠሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸው ከባድ አሮጌ ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ በጥርጊያ መንገድ ከተራራ ያወርዱ ነበር። የብስክሌቶቹ ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የኋላው ሞዞ ውስጥ የሚይዝ ዓይነት ነው። በኦክቶበር 1976 መወዳደር በጀመሩበት፣ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ወደ 400 ሜትር በሚወርደው መንገድ ላይ ሞዞው እየጋለ ግራሶው ይቃጠልና ይጨስ ነበር። ከወረዱ በኋላ ሞዞውን ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ይላቸው ስለነበር መንገዱም ሪፓክ የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። እነዚያ ወጣቶች ችግሩን የፈቱት ከበሮ ፍሬን በመግጠምና የሞተር ሳይክል የፍሬን እጀታ ወስደው በመጠቀም ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆነው ጆ ብሪዝ ለዚሁ አነዳድ የታሰበ አዲስ ፍሬም የሠራው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ ዛሬ በየጎዳናችን የምናየውን ቪ ፍሬን ያወጣው ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ.። እነዚያ ወጣቶች ሞዞ እያቃጠሉ የወረዱት ከፍታ ግን ከእንጦጦው መውረጃ ያነሰ ነበር።

«ፍሬን ሁሉ ያው ነው፤ ይዞ ካቆመ በቃ» የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ከዚህ አባባል ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ልማድም አለ፤ የፊት ፍሬንን መፍራት። አንዳንዱ ያላላዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ያስነቅለዋል፤ «ይገለብጣል» ይላል። ፍርሃቱ መነሻ አለው፤ በድንገት አጥብቆ የጨበጠ ሰው በመሪው ላይ ሊሄድ ይችላል። ሆኖም ብስክሌት ፍጥነት ሲቀንስ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይዞራል፤ የኋላው ጎማ ይቀልና ቶሎ ይንሸራተታል። በደረቅ ሜዳ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ነጂ በኋላ ፍሬን ብቻ ቢይዝ ለመቆም 12 ሜትር ያህል ይፈጅበታል፤ ሁለቱንም በአግባቡ ቢይዝ ከ6 እስከ 7 ሜትር ይበቃዋል። መንገዱ ከመቶ ዐሥር ቁልቁል ሲያዘነብል የኋላው ብቻ ወደ 20 ሜትር ይጠጋል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ግን 8 ሜትር ገደማ ላይ ያቆማሉ። ልዩነቱ የአንድ ሚኒባስ ርዝመት እጥፍ ነው። ፍርሃቱ የሚድነው ፍሬኑን በመንቀል ሳይሆን ቀስ እያሉ መጭመቅን በመለማመድ ነው፤ መቀመጫን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ተረከዝን ዝቅ አድርጎ፣ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትን ጨርሶ ቀንሶ መግባት። ብስክሌቱ ጎንበስ ብሎ እየታጠፈ ሳለ የፊቱን ፍሬን የሚጨብጥ ሰው ግን ይወድቃል፤ በዚህ ላይ ፈሪዎቹ ልክ ናቸው።

ሙያው የሚጀምረው ሽቦው ላይ ነው። የፍሬን ሽቦ ውፍረቱ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማርሹ 1.1 ወይም 1.2። ለዓይን ይቀራረባሉ፤ ከጥቅል ላይ ተቆርጦ በሚሸጥበት ገበያም በቀላሉ ይቀያየራሉ። ከሽቦው ይልቅ አደገኛው የልባሱ መቀያየር ነው። የፍሬን ልባስ ውስጡ ዙሪያውን የተጠመጠመ ብረት ስለሆነ ጭመቃን ይችላል፤ የማርሽ ልባስ ግን ቁመቱን ተከትለው የተዘረጉ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው ያሉት፤ ነጂው በድንጋጤ ሙሉ ኃይሉን ሲጨብጥ፣ ማለትም ፍሬኑ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ቅጽበት፣ ሊፈነዳ ይችላል። ጫፉን ቆርጦ ውስጡን ማየት ጥቂት ሰከንድ ነው የሚወስደው። ቀጥሎ የእጀታው ጉዳይ አለ። ቪ ፍሬን ብዙ ሽቦ የሚስብ እጀታ ይፈልጋል፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ፍሬኖች ደግሞ ትንሽ የሚስብ። ያገለገሉ ዕቃዎች ከየአቅጣጫው በሚገጣጠሙበት ቦታ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ትንሽ የሚስበው እጀታ ለቪ ፍሬን ሲገጠም የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ሳይነካው እጀታው ከመሪው ጋር ይገናኛል፣ ወይም ጎማው ከቸርኬው ጋር እስኪተሻሽ ተጠግቶ መገጠም አለበት። ብዙ የሚስበው ለአሮጌው ፍሬን ሲገጠም ደግሞ እጅ ላይ ጠንካራና የሚያስተማምን ይመስላል፤ ብስክሌቱ ግን አይቆምም። ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ገዢውን ያሳምናል።

ቸርኬውም የፍሬን አካል ነው። ቸርኬው ወዲህና ወዲያ ከተወዛወዘ ጠጋኙ የፍሬኑን ጎማ ማራቅ ይገደዳል፤ በራቀ ቁጥር እጀታው ብዙ ይጓዛል፣ የሚተርፈውም ኃይል ያንሳል። ስለዚህ የቸርኬ ሽቦዎችን እየወጠሩና እያላሉ ማስተካከል፣ ለውበት የሚደረግ ቢመስልም፣ የፍሬን ሥራ ነው። ያገለገለ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጎኑ በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ በፍሬን ተበልቶ ሳስቷል ማለት ነው፤ የጎማው ግፊት አንድ ቀን ይሰነጥቀዋል። የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ በበኩሉ ሲደርቅ ደህና ነው፣ ክረምት ሲገባ ግን የመያዝ ኃይሉን አብዛኛውን ያጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንብበት ከተማ ይህ እንደ ጥቃቅን ነገር ሊታለፍ አይገባም። የፍሬን ጎማው ውስጥ የተሰገሰጉ የአሉሚኒየም ፍንካቾችን በመርፌ መልቀም፣ የተወለወለ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ እንዳይጮህ የፊት ጫፉን ጥቂት ወደ ቸርኬው ማዘንበል፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቁ ናቸው።

ትልቁ ተቃውሞ የሚመጣው ከሽቅቡ ነው። ያልወጣ አይወርድም፤ ታዲያ ማርሹ አይቀድምም ወይ? ተቃውሞው ክብደት አለው። 3,000 ሜትር ላይ የሚተነፈሰው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን አቀበት ያለ ቀላል ማርሽ መግፋት ልብና ጉልበትን ያለ ጥቅም ማድከም ነው። ግን ገዢው የሚጠይቀው ቁጥር ይህን አይነግረውም። ባለ 21 ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ባለ ጥርስ ክቦች ማለት ነው፤ ባለ 18ቱ ከኋላ 6 አለው። በሁለቱም ላይ የፊቱ ትንሹ 28 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁም 28 ከሆነ፣ አቀበት ላይ ሁለቱ ብስክሌቶች እኩል ናቸው፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ባለ 26 ኢንች ጎማውም አንዴ ይዞራል፣ ብስክሌቱም 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። ተጨማሪዎቹ ማርሾች በመሐል የሚደራረቡ ናቸው። ስለ ሽቅብ የሚጨነቅ ሰው ጥርስ ይቁጠር እንጂ ማርሽ አይቁጠር። ማርሽ ባይኖርም ደግሞ ወርዶ መግፋት አለ፤ ቁልቁል ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ለከዳው ሰው ይህ ምርጫ የለም። የብስክሌት ዝናችን ከአስፋልት የመጣ መሆኑም ፍጥነትን እንድናስቀድም ያደረገን ይመስለኛል። አገራችን በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ያ ክብር የሚገባው ክብር ነው፤ የጋራ መንገድ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል፤ የብስክሌት መለዋወጫም እንዲሁ። ክርክሬን ግን ይህ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ገንዘብ ሲያጥር ነው ቅደም ተከተል የሚያስፈልገው፤ ሽቦ፣ ልባስና አራት የፍሬን ጎማ አንድ ላይ ተደምረው ከአንድ ሾክ ዋጋ ያንሳሉ። ርካሽ ሾክ ደግሞ ክብደት ይጨምራል፣ ከሚውጠው ንዝረት ይልቅ የሚያባክነው የእግር ጉልበት ይበዛል። በዲስክ ፍሬንም ጉዳይ አቋሜ ይኸው ነው። ጥሩ ዲስክ ከቪ ፍሬን ይሻላል፣ በዝናብ በተለይ። በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ጎን ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ሸራው ሲያልቅ ልኩ የሚቸግር ነው። ሰፈሩ ውስጥ መለዋወጫው ያለው ፍሬን መለዋወጫው ከሌለው ዘመናዊ ፍሬን ይበልጣል። መርካቶ የሚያኮራ የመጠገን ባህል አላት፤ ምን አለሽ ተራ ሌላው የጣለውን ብረት ወደ ዕቃ ይመልሳል። ይሁንና ያ ብልሃትም ወሰን አለው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ለጫማ ሶል ይሆናል፤ ለፍሬን አይሆንም፤ ደረቅ ነው፣ ውስጡ ያለው ክርና ሽቦም ቸርኬውን ይፍቀዋል።

ስለ መንገዱ ጎማ ጥቂት ልበል። ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ነው፤ መሬቱን የሚይዘው ጎማው ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በእርጥብ ኮብልስቶን ወይም በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ የፍሬኑን ልፋት ሁሉ ያባክነዋል። እስከ መጨረሻው የተነፋ ጎማም ድንጋይ ላይ ይነጥራል፤ ለጋራ መንገድ ጥቂት ማስተንፈስ ይጠቅማል፣ ቸርኬው ድንጋይ እስኪመታ ድረስ ግን አይደለም።

ይህን ሁሉ ለመለማመድ እንጦጦ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሸክም የተሸከመ ሰው ከጎን በሚወጣበት፣ ጋሪና የጭነት መኪና መንገዱን በሚካፈሉበት የመርካቶ ውስጥ ለውስጥ መንገድ በእግረኛ ፍጥነት እየነዱ፣ ሁለቱንም እጀታ በአንድ አንድ ጣት በቀስታ እየጨመቁ፣ እግር መሬት ሳይነካ መቆምና መነሣት ከባድ ልምምድ ነው። እዚያ እጅ የተማረው ነገር ጋራው ላይ ያገለግላል። ጫማን የኋላ ጎማ ላይ አሳርፎ ማቆም የለመደ ልጅም ሊተወው የሚችለው የፊት ፍሬን በቀስታ ሲጨመቅ ምን ያህል እንደሚታዘዝ በእጁ ሲያውቀው ነው።

የቀረው የጠጋኙ ክፍያ ነው። አዲስ ማርሽ የገጠመ ጠጋኝ ሥራው ይታያል፤ ቸርኬ አቅንቶ፣ ልባስ ቀይሮ፣ የፍሬን ጎማ ያስተካከለው ግን ብስክሌቱን በመጣበት መልክ ነው የሚመልሰው፤ ደንበኛውም «ምን ሠራህበት?» ብሎ ይከራከረዋል። ስለዚህ ብዙዎች ለፍሬን ብቻ ዋጋ አይጠሩም፣ ያልተከፈለበት ሥራም ይዘለላል። ፍሬን ማስተካከል ራሱን የቻለ ዋጋ ሊኖረው ይገባል፤ ርክክቡም ደንበኛው ፊት ይሁን። የፊቱን ፍሬን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደ ፊት ሲገፉት የኋላው ጎማ ከመሬት መነሣት አለበት፤ የኋላውን ጨብጦ ሲገፉት ጎማው ሳይዞር መጎተት አለበት፤ ሁለቱም እጀታዎች መሪውን ሊነኩ አይገባም። ሱቅ ደጃፍ ላይ ለመንዳት ቦታ ባይኖር፣ ሻጩም ባይፈቅድ፣ ይህን ለመፈተን ሁለት እርምጃ የሚሆን ቦታ ይበቃል፤ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት።