ከመቃብር በላይ የዋለ ስም

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ሟቹ በሥራው ያላፈራው፣ ሌላ ሰው የለጠፈበት ስም ከመቃብሩ በላይ ሲውልስ? የታሪክ ጸሐፊዋ ሃሊ ሩበንሆልድ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት «አምስቱ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ያነሣል።

እ.ኤ.አ. በ1888፣ ከኦገስት 31 እስከ ኖቬምበር 9 ባለው ጊዜ፣ በምሥራቅ ለንደን በዋይትቻፕልና በአካባቢው አምስት ሴቶች ተገደሉ። እነርሱም ሜሪ አን ኒኮልስ፣ አኒ ቻፕማን፣ ኤልሳቤጥ ስትራይድ፣ ካትሪን ኤዶውስና ሜሪ ጄን ኬሊ ናቸው። ማንነቱ ያልታወቀው ገዳይ በጋዜጦች ዝነኛ ሲሆን፣ ሟቾቹ ግን «ሴተኛ አዳሪዎች» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልለው ቀሩ።

ጸሐፊዋ የሚተርኩት አሟሟታቸውን ሳይሆን አኗኗራቸውን ነው። ኒኮልስ የብረት ቀጥቃጭ ልጅና የልጆች እናት ነበረች። ስትራይድ ከስዊድን የመጣች ስደተኛ ነበረች። ኒኮልስና ቻፕማን በተገደሉበት ሌሊት ለመኝታ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። የተሰጣቸው ስም ይህን ድህነት ሸፈነው።

ያው ብዕር ስደተኞችንም አልማረም። ዋይትቻፕል ከሩሲያ ግዛት የሸሹ ብዙ አይሁድ የሰፈሩበት ነበር። ጋዜጦች «ባለ ቆዳ ሽርጡ» የሚሉትን አይሁዳዊ ተጠርጣሪ ሲያራግቡ፣ ጆን ፓይዘር የተባለ ጫማ ሰፊ ተያዘ፤ በግድያዎቹ ጊዜ ሌላ ቦታ እንደነበር ስለ ተረጋገጠ ተለቀቀ። ብረት ቀጥቅጠው ባደሩ አባቶቻችን ላይ «ቡዳ» የሚለው ቃል ያደረሰውን የምናውቅ እኛ፣ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም።

በመጽሐፉ አንድ ነገር ያሳስበናል። ጸሐፊዋ ኒኮልስ፣ ቻፕማንና ኤዶውስ ሴተኛ አዳሪ ለመሆናቸው በቂ ማስረጃ የለም ይላሉ። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ የታሪክ ሰው የሐሰትን ስም ማረም ግዴታው ነው። ነገር ግን ችኩል አንባቢ «እንግዲያስ ንጹሐን ነበሩ» ብሎ መጽሐፉን ሊያጥፍ ይችላል። በዚያ ሥራ ትተዳደር የነበረችው ኬሊስ? ደሟ ከሌሎቹ ይረክሳልን? ጸሐፊዋ በመደምደሚያቸው ይህን አስተሳሰብ ቢነቅፉም፣ የመጽሐፉ ሚዛን «አልነበሩም» ወደሚለው ማስረጃ ያዘነብላል።

በኦሪታችን በመጽሐፈ ኢያሱ ረዓብ ጋለሞታነቷ አልተደበቀም፤ ስሟም አልተፋቀም፤ ቤተሰቧም ከጥፋት ድኗል። ጋዜጣ የተገደለችን ሴት ሥራ ከስሟ አስቀድሞ ሲጽፍ፣ ለገዳዩ ግማሽ ምክንያት ያቀብለዋል። ስለዚህ መጽሐፉን ለልጆቻችን ስናስነብብ፣ የአምስቱንም ስም እኩል እንዲጠሩ እናስተምራቸው።